በሬው ከሄደ በኋላ የመጣ ገንዘብ

መቶ ኪሎ ጀርባው ላይ እንዳለ ስልኩ ጠራ። ሰውየው አልቆመም። “ዞር በሉ! ዞር በሉ!” እያለ የመርካቶ እህል ተራን ጠባብ መተላለፊያ ሰንጥቆ ሄደ፤ ኩንታሉን መጋዘኑ ደጃፍ ካለው ክምር ላይ ከጣለ በኋላ ነው ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለች ስልክ አውጥቶ መልሶ የደወለው። እኔ የጤፍ ዋጋ ጠይቄ ነጋዴው እስኪመለስ ቆሜያለሁ። “ገባ እንዴ?” ሲል ሰማሁት። ዝም ብሎ አዳመጠ። “እሺ በቃ፣ ሰኞ ደግመሽ ሂጂ። ልጁን ግን ይዘሽ አትሂጂ፣ ፀሐይ ይመታዋል።” ስልኳን መልሶ በላስቲኳ ጠቀለላት።

ምን እንደሚገባ ጠየቅሁት።

“ሴፍቲው ነዋ፣ ጋሼ” አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ተራ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ እሱን ይፈልጋል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። የዋግ ኽምራ ገበሬ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ናቸው። እሱ ሰባተኛ አካባቢ፣ በአዳር በሚከፈልበት ክፍል ከስድስት ሰዎች ጋር ያድራል። ስሙንና ቀበሌውን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። “ባለቤቴን ከዝርዝሩ ያወጡብኛል” ነው ያለኝ። ማንንም አልከሰሰም፣ ሰረቁኝም አላለም። ገንዘብ ዘገየብኝ ብሎ መናገር ብቻ ስም ያሰርዛል ብሎ መፍራቱ፣ ከነገረኝ ሁሉ በላይ ሲከነክነኝ ከርሟል።

የሆነው እንዲህ ነው። በ2015 ክረምት ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ቀድሞ ወጣ። ማሽላው ሳያፈራ አገዳ ሆኖ ቀረ። በ2016 ዋግ ኽምራንና ሰሜን ጎንደርን መታ ተብሎ በዜና የሰማነው ድርቅ እሱ ቤት የገባው በዚህ መልክ ነበር። አካባቢው ከሰሜኑ ጦርነት ገና አላገገመም፤ በዚያ ላይ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። መጀመሪያ ፍየሎቹን ሸጠ። ፍየል ዱሮም ለክፉ ቀን ነው የምትረባው፣ አያስቆጭም ይላል። ቀጥሎ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ። ሁለተኛውን ለማቆየት ብዙ ታግሏል፤ ከገዛ ቤቱ ክዳን ሣር እየመዘዘ አብልቶታል። ይህን ሲነግረኝ በእጁ እያሳየኝ ነበር፤ ከፍ ብሎ የሚመዝዝበትን፣ ሣሩን እያራገፈ ጥላሸቱን የሚያስለቅቅበትን፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ የሚያጎርስበትን። ክዳኑ ሲሳሳ በሬውን ገበያ አወጣው። እዚያ ሲደርስ ያገሩ ሰው ሁሉ በሬ ይዞ ወጥቷል። ሻጩ በዝቷል፣ ገዢ የለም። በዚያው ገበያ ማዶ ደግሞ የእህሉ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ለወራት የሚበቃ እህል ሊገዛ የሚችል በሬ፣ የሳምንታት ቀለብ ይዞ ተመለሰ።

ሚስቱ ለችግረኛ ገበሬ ለሠራበት በሚከፍለው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፋለች። ልማት ትወጣለች፤ እርከን ትሠራለች፣ ድንጋይ ትሸከማለች። በጥር ይገባል የተባለው ክፍያ በየካቲት አልገባም፣ በመጋቢትም አልገባም። የገባው ሰኔ ላይ ነው፣ የብዙ ወር በአንድ ላይ።

“ገንዘቡ መጣ፣ ጋሼ። አልቀረም” አለኝ። “በሬው ግን ሄዶ ነበር።”

እኔ ልጽፍ የተነሳሁት ስለዚህች ስለመሐሏ ጊዜ ነው፤ በሬው ከሄደበትና ገንዘቡ ከመጣበት ቀን መካከል ስላለችው። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ይህች ጊዜ ቦታ የላትም። ለዚህን ያህል ሺሕ አባወራ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ተከፈለ ይላል ሪፖርቱ። እውነት ነው፣ ተከፍሏል። ፊርማው አለ፣ የጣት አሻራው አለ። በጥርም ተከፈለ፣ በሰኔም ተከፈለ፣ ድምሩ ያው ነው። ለገበሬው ግን ያው አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለከተማ አንባቢ ማስረዳት ስላለብኝ በሬው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሁለት በሬ ያለው ሰው መሬቱን በፈለገው ቀን ያርሳል። አንድ ያለው ሌላ አንድ በሬ ያለው ሰው ፈልጎ ይቀናጃል፤ መቀናጆ ማለት ይህ ነው፣ ተራ መጠበቅ አለበት፣ ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። አንድም የሌለው ሰው መሬቱን በሬ ላለው የእኩል ይሰጣል። ያርስለታል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። ስለዚህ ይህ ሰው በ2016 ያጣው የሁለት በሬ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሌላ ጥማድ እስኪገዛ ድረስ በየዓመቱ የገዛ መሬቱን ግማሽ ምርት እያጣ ነው። ከዘገየው ክፍያ ጥቂቱ እንኳ በጊዜው ገብቶ ቢሆን ሁለተኛው በሬ ይቆይ ነበር፤ ቢያንስ በመቀናጆ ያርስ ነበር። እህል ተራ ኩንታል የሚሸከመው እንግዲህ ከተማ አማሮት መጥቶ አይደለም። በሬ ሊገዛ ነው የሚሸከመው።

አንድ ቀን፣ እኛ ሸማቾች እየተንጫጫንበት ያለው የእህል ዋጋ ለገበሬ ጥሩ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ ብሎ፣ የሚሸጥ ላለው አለኝ። ይህች መልስ በልጅነቴ የሰማኋቸውን፣ በኋላም ያነበብኳቸውን ብዙ ነገሮች አስታወሰችኝ።

በ1965ና በ66 ወሎ ሲራብ ምን እንደሆነ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ መጽሐፉ ውስጥ በዝርዝር መርምሮታል። ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚገምተው ሰማይ አልነካም ነበር። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። የወሎ ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ምርቱ ጠፍቷል፣ ከብቱ ረክሷል፣ የቀን ሥራ የለም። እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። አዲስ አበባ የገባ እህል የሚራገፍበት ዋናው ስፍራ ያኔም እዚሁ መርካቶ ነው። በዚያው ሰሞን ከወሎ በእግራቸው ወደ ዋና ከተማዋ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ፖሊስ መለሳቸው። እህሉ ገባ፣ ገበሬው ተመለሰ። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር የእህል ተራ ክምር ፊት ለፊት መቆም ይከብደኛል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩት የኖሩትም ከዚህ የራቀ አልነበረም፦ ረሃብን ሰማይ ላይ ብቻ አታላኩት፣ ገበሬው አስቀድሞ ምን ያህል መከታ አጥቶ እንደነበር እዩ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከወሎው እልቂት በኋላ በ1966 ነው። ያም ሆኖ የሰባ ሰባቱ ረሃብ መጣ። ዛሬ ድረስ ወሎና ትግራይ ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠረው ከሰባ ሰባት በፊትና በኋላ እየተባለ ነው።

ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ዋናው ሐሳቡ ይህንን የመዘግየት ሰንሰለት መበጠስ ነበር። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ ክረምቱ ከከሸፈ በኋላ ጥናት ይደረጋል፣ ለለጋሾች ጥሪ ይቀርባል፣ መርከብ ይጠበቃል፣ እህሉ ሲደርስ ከብቱ አልቋል። በየዓመቱ የሚቸገረው ሕዝብ የሚታወቅ ከሆነ፣ ክፍያውም አስቀድሞ የሚታወቅ ይሁን ተባለ። የመሥራት አቅም ያለው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ፣ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን የልማት ሥራ ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አረጋዊውና አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በአፍሪካ ከታዩት የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ትልልቆቹ ተርታ የሚቆም ነው፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው የታቀፈባቸው ዓመታት አሉ። በ2008 ኤልኒኞ ያመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለእርዳታ ሲዳርግ እንደ ሰባ ሰባት ያለ እልቂት ያልደረሰው፣ መንግሥት ከራሱ ካዝና ያወጣው ገንዘብና ይህ ፕሮግራም ስለነበሩ ጭምር ነው። ይህን ሳልል ባልፍ በደል ይሆንብኛል። የምናገረው ሐሳቡን ስለማከብረው ነው፤ አስቀድሞ እንዲደርስ የተፈጠረ ገንዘብ ሲዘገይ፣ ያ ሐሳብ ራሱ ነው የሚከሽፈው።

ገንዘቡ የሚዘገይበት መንገድ ደግሞ ብዙ ሚስጥር የለውም። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። ቀበሌው ማን ስንት ቀን ልማት እንደወጣ የሚያሳየውን ቅጽ ይሞላል፣ ወረዳው ከዚያ ተነስቶ ፔሮል ይሠራል፣ ስም ይመሳከራል፣ ፊርማ ይፈረማል። አንዱ ቅጽ ሲጎድል ይቆማል። ፈራሚው ስብሰባ ሲሄድ ይቆማል። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ይቆማል። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚያድረው፤ ጠረጴዛው ግን ብዙ ነው። በየጠረጴዛው የተቀመጠው ሰው ክፉ ነው አልልም። ደመወዙ በየወሩ በቀኑ የሚገባለት ሰው ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ይረሳል፤ እኔም እረሳለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ደግሞ በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ ሦስት ኪሎ እህል ይገዛል በሚል ስሌት። ከዚያ 2000 ዓ.ም. መጣ። ያን ዓመት መርካቶ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ የጤፍ ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አልነበረም። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ጮኽን፣ መንግሥትም ሰማን፤ በየቀበሌው የድጎማ ስንዴ ቀረበልን። እኔም ተሰልፌ ወስጃለሁ። በዚያው ዓመት የገበሬው ክፍያ ከ6 ወደ 8 ብር ከፍ አለ፣ 10 ብር የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። 8 ብር በዚያ ዓመት ሦስት ኪሎ እህል አይገዛም ነበር። ብዙዎቹ ገንዘቡ ይቅርብንና እህል ስጡን ማለታቸው ስለዚህ ነው። የእኛ ጩኸት ቤተ መንግሥት ድረስ አንድ ታክሲ መንገድ ነው። የእነሱ ግን ስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ አይተናል።

የእርዳታ እህልን ነገር ካነሳሁ እዚሁ መርካቶ ያለውን ምናለሽ ተራን ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ምድጃ ይሆናል፣ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፣ ኩራዝ ይሆናል። አንድ ቀን አንድ አንጥረኛ አንዱን ቆርቆሮ በመዶሻ ሲዘረጋ ቆሜ አየሁ። የለጋሹ አገር ስም ያለበትን ወገን ወደ ውስጥ አዞረው፣ ንጹሑን ወገን ወደ ውጭ። ወደ ጎን ደግሞ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። (ከረጢቱን ማዳበሪያ የምንለው መጀመሪያ የገበሬው ማዳበሪያ ስለመጣበት ነው፤ ከገበሬው ዕቃ እኛ ጋ የቀረው ስሙ ነው።) የእርዳታ ምልክት ያለበት ዕቃ ገበያ ላይ ሲታይ “ይኸው ተሰረቀ” ማለት ይቀናናል። ሁልጊዜ አይደለም። ስንዴ የተሰጠው ሰው ወፍጮ ቤት መክፈል አለበት፣ ጨው መግዛት አለበት፣ ልጁን ማሳከም አለበት፤ ከተሰጠው ጥቂቱን ይሸጣል።

እውነተኛው ስርቆት ሲገለጥስ ምን ሆነ? በ2015 ሚያዝያና ሰኔ የአሜሪካው የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ሌላ ቦታ እየዋለ ነው ብለው የምግብ እርዳታውን መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ አቆሙ። ዩኤስኤአይዲ እንደገና ለመጀመር የወሰነው በኅዳር 2016 ነው። ልብ በሉ፣ የዋጉ ሰው ዝናብ የከሸፈበት ክረምት የዋለው በእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች መሐል ነው። እህሉን ያዞረው ማንም ይሁን ማን፣ በእነዚያ ወራት ጦሙን ያደረው አንድ ጆንያ እንኳ ያልነካ ሰው ነው። ቁጥጥር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያስፈልጋል፣ ሌባውም ይጠየቅ። ተቆጣጣሪው መዝገብ ሲያገላብጥ ግን ሰው መብላቱን ማቆም የለበትም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል መርካቶ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ወሬው በዚያው ሌሊት አገር አዳረሰ፤ የእሳት አደጋ መኪናዎቹ በጠባቡ መንገድና በሕዝቡ መሐል ለማለፍ ሲታገሉ ሁሉም በስልኩ እየቀረጸ ነበር። ንብረታቸው ዓይናቸው እያየ አመድ የሆነባቸው ነጋዴዎች ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሐዘናቸው ሐዘኔ ነው። ግን በዚያ ሌሊት ያ ተሸካሚ ወዳጄ ከአንድ የተቃጠለ ሱቅ ደጃፍ ጨርቅ ሲያወጣ አድሮ ጠዋት እንዲህ አለኝ፦ “የኛ ቤትም እንዲህ ነው የነደደው ጋሼ፣ ጭስ ስለሌለው ነው።”

ጭስ ለሌለው አደጋ መለኪያ ያስፈልጋል። ይህም አዲስ ሐሳብ አይደለም፣ እዚሁ አገር ተሞክሯል። በ1998 የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከተባለ የፈረንሳይ የጠለፋ ዋስትና ኩባንያ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ መድን ገዝቶ ነበር። አረቦኑ 930 ሺሕ ዶላር፣ ዝናቡ ከከሸፈ የሚከፈለው እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር። መለኪያው የተራበ ሕፃን ፎቶ አልነበረም፤ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚመዘገበው የዝናብ መጠን ነበር። ዝናቡ ከተባለው በታች ከወረደ፣ ከብት ሳይሸጥ፣ ሰው ሳይሰደድ ገንዘቡ ይወጣል። ያን ዓመት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ክፍያ አላስፈለገም። እኔን የማረከኝ ውሉ የተጻፈበት መንፈስ ነው፤ የገበሬው ቃል ሳይጠረጠር፣ ኮሚቴ ሳይላክበት፣ ሰማዩ ራሱ ምስክር ይሁንለት ብሎ መጻፉ።

ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ደግሞ ሌላ ነገር ጻፉ፦ ሠራተኛው ለሠራበት ክፍያው ከ15 ቀን ካለፈ፣ ለዘገየበት ካሣ ይከፈለው። አፈጻጸሙ ሲያጨቃጭቃቸው እንደኖረ አውቃለሁ። ግን መዘግየትን ዕዳ ነው ብሎ በሕግ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ሰው መብራት ወይም ውኃ ሳይከፍል ሲዘገይ ቅጣት አለበት። ለእሱ የሚከፈለው ሲዘገይ ግን ቅጣት የሚወድቀው አሁንም እሱ ላይ ነው።

የሴፍቲኔት መመሪያ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በአደባባይ እንዲለጠፍ ያዛል፤ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በየቀበሌው አለ። በዚያው ዝርዝር ግርጌ አንድ መስመር ቢጨመር እመኛለሁ፤ የመክፈያ ቀን። ገንዘቡ ወረዳው የደረሰበት ቀንና እጅ የገባበት ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ፣ የየወረዳው ሪፖርትም በእነዚህ ሁለት ቀኖች ልዩነት ይለካ። የብሩ መጠንም በየዓመቱ በአቅራቢያው ገበያ ካለው የእህል ዋጋ ጋር ይታይ። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ያቺን የዋግ ሴት በየሰኞው ልጇን አዝላ፣ ገባ አልገባ ብላ ከምትመላለስበት መንገድ ያሳርፋታል። ጠይቃ ስትመለስም ስሜ ይሰረዛል ብላ እንዳትፈራ ያደርጋታል።

ባለፈው ግንቦት ልሰናበትህ ብሎ መጣ። ለዘር ወቅት አገሩ ሊገባ ነው፤ መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል ብለውታል። የበሬው ገንዘብ ሞላ ወይ አልኩት። ለአንዱ እንኳ አልደረሰም፣ ዋጋው እኔ ባጠራቀምኩ ቁጥር ይሸሻል አለኝ። አብረን ወደ ብረታ ብረቱ ሱቆች ሄድን። የግብርና ዕቃ ከሚሸጥበት አንዱ ጋ ቆሞ ማረሻ መረጠ። አንስቶ መዘነ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ሌላ አስወጣ፣ እሱንም ዳሰሰ። ሻጩ ሰለቸውና “ምንድነው ቀለበት የምትመርጥ መሰልክ እኮ” አለው።

በሬ ሳይኖርህ ማረሻ ለምንህ ነው ልለው ፈልጌ አፈርኩ። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

“መሬቱን የእኩል የያዘልኝ ሰውዬ ማረሻው ዶልዱሟል አለችኝ ባለቤቴ” አለ። “ላይ ላዩን ነው የሚቧጭረው። እሱ ምን ቸገረው፣ ሌላም መሬት አለው። እኔ ግን ያቺው ናት።”

ከፈለ። ማረሻውን ከመጋዘን ደጃፍ ባገኛት አሮጌ ማዳበሪያ ጠቀለለው፤ ከጽሑፉ ብዙው ለቋል። ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ዞር በሉ ሳይል፣ በሰዉ መሐል ወደ መናኸሪያው ወረደ።